በጉንጩ ላይ የቀባሁት አሸዋ

ስሙን ከማወቄ በፊት ነው ጉንጩን የዳሰስኩት። ሰው ይህን ስነግረው ይስቅብኛል፤ እኔ ግን ከዚህ ሌላ የምጀምርበት ቦታ የለኝም።

መርከቧ ማዕበሉ ከሚሰበርበት ድንጋይ ወዲያ ቆማ፣ ጀልባው ሰውና የሩዝ ጆንያ እያመላለሰ ነበር። ደሴታችንን ረግጦ የማያውቅ ሰው ሲመጣ፣ ውሃ ከመቅመሱም ከመቀመጡም በፊት ወደ ሰሜኑ ጫፍ ይወሰዳል። እዚያ የቆመ ትልቅ ድንጋይ አለ። እንግዳው ለድንጋዩ ትምባሆ ያስቀምጣል፤ የእኛ ቤት ሴት ደግሞ ከሥሩ እርጥብ አሸዋ ዘግና ሁለቱን ጉንጮቹን ትቀባዋለች። መሬቷ ያላወቀችው ሰው አይበረክትም። ይህ ሥራ የእናቴ ነበር፤ እሷ ከሞተች ወዲህ የእኔ ሆነ።

ያን ቀን ከጀልባው የወረደው አዲስ ሰው አንድ ብቻ ነው። ረጅም፣ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ፣ ቆዳ ጫማ ያደረገ፣ ሁለት ሻንጣ የያዘ። ባሕሩ ሲያንገላታው ከርሞ ፊቱ ገርጥቷል።

አክስቴ ታካኔ ከእግር እስከ ራሱ አየችውና፣ «ይሄንንስ ቀባሽውም አልቀባሽውም መሞቱ ነው» አለችኝ።

ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። አባቴ ካቡናሬ ግን አልሳቀም። አባቴ መርከቧ በመጣች ቀን አይስቅም።

ድንጋዩ ጋ ደርሰን አሸዋውን ዘግኜ ስጠጋው ሰውየው ወደኋላ አለ።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ላስተዋውቅህ ነው።»

«ከማን ጋር?»

«ከመሬቷ ጋር። ዝም ብለህ ቁም።»

መቆምስ ቆመ። ግን ወዲያው ዞር ብሎ፣ እዚያው ከተከበረው ድንጋይ ሥር፣ ሆዱ ውስጥ ያለውን ሁሉ አስመለሰ።

ሁሉም ሰው ክው አለ። አያቶቻችን በዚያ ድንጋይ አጠገብ ጮክ ብለው እንኳ አይናገሩም ነበር።

አባቴ ምራቁን ዋጠና፣ «ብዙ እንግዳ ተቀብያለሁ» አለ። «እንዲህ ያለ ሰላምታ ግን አይቼ አላውቅም።»

እኔ ምን ላድርግ? በሽርጤ ጫፍ አፉን ጠረግኩለት፣ ሌላ አሸዋ ከላይኛው በኩል ዘገንኩና ጉንጩን ቀባሁት። ጉንጩ ይፋጃል። ዓይኑን ጨፍኖ ነበር፤ እንባው በአሸዋው ላይ ወረደ።

«ዓይንህ ውስጥ ገባ እንዴ?» አልኩት።

«አይ... እናቴ ነግራኝ ነበር። እዚህ ስደርስ አንዲት ሴት ጉንጬን እንደምትቀባኝ ነግራኝ ነበር። ረስቼው ነው።»

እናቱ የእኛው ደሴት ልጅ ናት። ፊጂ አገር ወዳለችው ራምቢ ደሴት አግብታ ሄዳ፣ ሳትመለስ እዚያው ሞተች። ልጇ ኢታያ ደግሞ ሙሉ ዕድሜውን ስለዚህች አገር ሲሰማ ኖሮ፣ አንድ ጊዜ በዓይኑ ሊያያት መጣ። መርከቧ ስትመለስ ሊሄድ ነው። መርከቧ መቼ እንደምትመለስ ደግሞ የምታውቀው ራሷ መርከቧ ናት።

ወደ መንደር ስንመለስ ግራ ቀኙን ያያል።

«ተራራው የት ነው?» አለ።

«ተራራ የለንም» አልኩት።

«ኮረብታስ?»

«አሁን የቆምክበት ነው።»

እግሩ ሥር አየ፤ ነጭ አሸዋ ነው። በግራ በኩል ባሕር፣ በቀኝ በኩል ባሕር፣ በመሃል የእኛ ቤቶች። እሱ ያደገበት አገር ተራራና ወንዝ ያለበት ነው ለካ።

«ባሕሩ ቢመጣ ወዴት ትሸሻላችሁ?» አለ።

አባቴ ዞር ሳይል፣ «ኮኮናት ዛፍ ላይ መውጣት ትችላለህ?» ሲል ጠየቀው።

«አልችልም።»

«እንግዲያው አንተ አትሸሽም።»

የአክስቴ ታካኔ ባል የእናቱ ወገን ስለሆነ ኢታያ እሷ ቤት አረፈ፤ ቤቷ ከእኛ ቤት አጥር ሳይለየው ይገናኛል። በማግስቱ ጠዋት ዓይኑ ቀልቶ አገኘሁት።

«ባሕራችሁ ዝም አይልም እንዴ?»

«ዝም ያለ ቀን ነው መፍራት ያለብህ» አልኩት።

የጉድጓዱን ውሃ ቀምሶ ተፋው። «ጨው ነው።»

«ድርቅ ነው። ሰማዩ ከዘጋብን ከረመ። ቀስ እያልክ ጠጣው፣ ይለመዳል።»

«ይህን ይጠጣሉ?» አለ፣ ማሰሮዋን ተሸክማ የምታልፍ አሮጊት እያየ።

«ሌላ ካለህ አምጣ።»

ከዚያ በኋላ ስለ ውሃው ተናግሮ አያውቅም። ያችን ማለዳ ባልዲውን ከእጄ ወስዶ እሱ ቀዳ፤ ከዚያም ወዲያ ሁሌ እሱ ነው የሚቀዳው።

ከዚያ ዕቃው ማለቅ ጀመረ። መጀመሪያ የአክስቴ ባል ባርኔጣውን ለመነው። ቀጥሎ ጎረቤት ጫማውን፣ ሌላዋ ፋኖሱን፣ ቢላውን፣ ሱሪውን፣ በመጨረሻም ሻንጣዎቹን ራሳቸውን። ሁሉም «ኢታያ ልጄ፣ ቡቡቲ ብዬሃለሁ» ይሉታል፤ እሱም እየሳቀ ይሰጣል። ሳቁ ግን እያነሰ ሄደ። አንድ ቀን ጎደሬ በምንተክልበት ጉድጓድ ውስጥ ቅጠል ስጎዘጉዝ መጣና ከዳር ተቀመጠ። የቀረው ያ ነጭ ሸሚዝና አክስቴ የሰጠችው ሽርጥ ብቻ ነው።

«ሮቲያ፣ ወገኖቼ ዘረፉኝ።»

«አልዘረፉህም። ለመኑህ። በእኛ ዘንድ ሰው ቡቡቲ ብሎ ከለመነህ እምቢ አይባልም። እምቢ ያለ ሰው ስም የለውም፤ ልጆቹም ስም የላቸውም።»

«የለመኑኝን ሁሉ?»

«ሁሉን።»

«ታዲያ ለእኔ ምን ቀረኝ?»

«አንተም መለመን ቀረህ። የሰጠ ሰው ይለምናል። ለምን ዝም ብለህ ታለቅሳለህ?»

«ማንን ልለምን?»

«የፈለግኸውን።»

አተኩሮ አየኝ። «የፈለግሁትን?»

«አንተ ሰው፣ ዓይንህን በጨው አጥበሃል» አልኩት፤ ፊቴን ወደ ጎደሬው አዞርኩ።

«ባሕራችሁ ነው ያጠበው» አለ።

በማግስቱ ሄዶ አክስቴን አዲሱን ሰሌኗን ለመናት። አክስቴ ስታጉረመርም ዋለች፤ ግን ሰጠችው። «አሁን ሰው ሆነ» አለችኝ፤ የተቀየመች መስላ ደስ ብሏት ነበር።

እኔም... መካድ ምን ይጠቅማል? ጠዋት የባልዲውን ድምፅ ካልሰማሁ ቀኑ አይጀምርልኝም ነበር።

በዚያ ወር ጨረቃዋ ስትሞላ ባሕሩ መጣ። ንፋስም ነበረው። ጠዋት ወጥተን ስናይ በምዕራብ በኩል ያሉት መቃብሮች ተከፍተዋል። የአያቴ መቃብር ግማሹ የለም። አጥንቷ ከባሕሩ ሣርና ከኮኮናት ቅርፊት ጋር ተደባልቆ አሸዋው ላይ ተበትኗል።

ለአባቴ እናቱ ናት። መጣ፣ አየ፣ እዚያው ቁጭ አለ። አንድ እጁን ወደ አንዱ አጥንት ዘርግቶ መልሶ ሰበሰበው። አባቴን እንደዚያ አቅም አንሶት አይቼው አላውቅም፤ አንጀቴን በላው። እኔ ጎንበስ ብዬ መልቀም ጀመርኩ፤ የማኖርበት ግን አልነበረኝም።

ኢታያ ሸሚዙን አወለቀ። ነጩን፣ የመጨረሻውን። አሸዋው ላይ ዘረጋው።

«እዚህ አድርጊያቸው» አለኝ።

ማንም አልለመነውም። ሁለታችን ማዕበሉ ተመልሶ ሳይመጣ ለቀምናት። ትንንሾቹን አጥንቶች ከባሕሩ ሣር ውስጥ እየለየ ሲያወጣ እጁ አይቸኩልም። እንደ ራሱ አያት ነው የያዛት። እኔ በዚያ ሰዓት ነው የወደድኩት። ሌላ ሰው በጨዋታ፣ በዘፈን ይወዳል፤ እኔ አጥንት እየለቀምኩ ወደድኩ።

በደሴቲቱ መሃል፣ ፍሬው እንደ ዳቦ ተጠብሶ ከሚበላው ከዳቦ ፍሬ ዛፋችን ሥር ቀበርናት። ከመሬታችን ከፍ የሚለው ያ ቦታ ነው፤ እናቴም እዚያ ናት፤ ባሕሩ እስከዚያ ደርሶ አያውቅም። ስንጨርስ ከእናቴ ጎን አንድ ሰው የሚያስተኛ ቦታ ብቻ ቀረ።

አባቴ በእግሩ መታ መታ አደረገው። «ይህ የእኔ ነው» አለ። «ይህን ማንም ቡቡቲ ቢለኝ እምቢ እላለሁ። ስሜ ይጥፋ እንጂ እምቢ እላለሁ።»

ለኢታያም አመሰግናለሁ አላለውም።

ከዚያ ወዲህ ኢታያ ጎደሬው ጉድጓድ ጋ በየቀኑ ይመጣል። ጨው ገብቶበት የጎደሬው ቅጠል ከጫፉ እየነደደ ነበር። ሁለታችን የሞተውን እየቆረጥን እናወራለን።

«ተራራ አይናፍቅህም?» አልኩት አንድ ቀን።

«ይናፍቀኛል። ደግሞ አባቴ ብቻውን ነው። ዓይኑም ደክሟል። መርከቧ ስትመለስ እመጣለሁ ብዬዋለሁ።»

መቁረጤን አላቋረጥኩም።

«እንግዲያው ትሄዳለህ።»

«ከእኔ ጋር ነይ፣ ሮቲያ።»

«አባቴስ?»

ታላቅ እህቴ በዚያችው መርከብ ሥራ ፍለጋ ወደ ዋናው ደሴት ሄዳ፣ ታማ እዚያው ሞታለች። የት እንደቀበሯት እንኳ አናውቅም። ለአባቴ የቀረችው አንዲት ልጅ እኔ ነኝ። ይህን ሁሉ ኢታያ ያውቃል።

«እንግዲህ የእኔ አባት እዚያ፣ ያንቺ አባት እዚህ» አለ በመጨረሻ። «አንዳቸው ብቻቸውን ሊሞቱ ነው።»

«እኔን አትጠይቀኝ» አልኩት።

እኔን አልጠየቀኝም። የሠራው ከዚያ የባሰ ነው።

ሽማግሌዎቹ ማኔያባ ውስጥ፣ ማለት በዚያ ትልቁ የመሰብሰቢያ ቤታችን፣ ስለ ውሃው ሊነጋገሩ ተሰብስበው ነበር። ሴቶቹ ከኋላ ሆነን ሰሌን እንሠራለን። ኢታያ ከእንግዶች ቦታ ተነሣ።

«አባቴ ካቡናሬ» አለ። «ቡቡቲ ብዬዎታለሁ።»

«ምን?» አለ አባቴ።

«ሮቲያን ይስጡኝ። ከእኔ ጋር ትሂድ።»

የሴቶቹ እጅ ሰሌኑ ላይ ቆመ። ባርኔጣ ይለመናል፣ ጀልባ ይለመናል፣ አሳማ ይለመናል። ሚስት ግን ሽማግሌ ተልኮ፣ ቤተሰብ ከቤተሰብ ተማክሮ ነው እንጂ እንደ ቢላ በአደባባይ አትለመንም። እሱ ይህን ከየት ይወቀው? የፈለግኸውን መለመን ትችላለህ ያልኩት እኔ ነኝ።

ከሁሉ የሚበልጡት ሽማግሌ ናካቡታ፣ «ልጁ አያውቅም፣ ይለፈው» አሉ።

አባቴ ግን እጁን አነሣ። ፊቱ ደም መስሏል። በሕይወቱ ለለመነው ሰው እምቢ ብሎ አያውቅም።

«ሰጥቻለሁ» አለ።

አክስቴ ክንዴን ጨመቀችኝ።

«ሰጥቻለሁ» አለ አባቴ ደግሞ። «አሁን እኔ እለምንሃለሁ። የሰጠ ይለምናል አይደል? ኢታያ፣ ቡቡቲ ብዬሃለሁ። ልጄን መልሰህ ስጠኝ።»

ኢታያ ወደ እኔ አላየም። አንገቱን ደፋ።

«እሺ» አለ።

በቃ። አንዲት ቃል። ሰሌኑን ጥዬ ወጣሁ።

ባሕሩ ዳር ድረስ ተከተለኝ።

«ሮቲያ...»

«ሸሚዝ ነኝ?»

«ስሚኝ እስቲ።»

«ባርኔጣ ነኝ? ወሰድከኝ፣ መለስከኝ። እኔን የጠየቀኝ አለ? ወይ አንተ፣ ወይ እሱ?»

«መንገዱ እሱ መሰለኝ። አንቺ ያስተማርሽኝ...»

«እኔ ዕቃ እንድትለምን ነገርኩህ እንጂ እኔን አልኩህ? ደግሞ ሲጠይቅህ ትንሽ እንኳ አላሰብክም። እሺ አልክ። ለባርኔጣህ እንኳ ከዚህ የበለጠ አስበሃል።»

እኔም ጥዬው ሄድኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አላናገርኩትም። ጠዋት ባልዲው ሲንኳኳ እሰማለሁ፤ ውሃው ሞልቶ በራችን ላይ ተቀምጦ አገኘዋለሁ፤ እሱ ግን አይኖርም። እኔም ውሃውን ዝም ብዬ እጠጣለሁ። ጨዋማ ነበር።

አንድ ቀን አክስቴ ታካኔ አጠገቤ መጥታ ቁጭ አለች።

«አንቺ ልጅ፣ እስከ መቼ ነው የምታኮርፊው?»

«እኔን እንደ ዕቃ መለሰኝ።»

«ጠየቅኩት እኮ። ለምን እሺ አልክ አልኩት። ምን አለኝ መሰለሽ?»

ፊቴን ወደ ባሕሩ አዞርኩ።

«‹አባቷን በሰው ፊት አዋርጄ ብወስዳት ፊቷን መርከቧ ላይ እንዴት አየዋለሁ?› አለኝ። ‹ሮቲያ የምትወደኝ ሰው ሆኜ ነው፤ እምቢ ካልኩ ሰው አይደለሁም› አለኝ። አልቅሶ ነው የነገረኝ። እኔ እንግዲህ ነገርኩሽ።»

ተነሥታ ሄደች። ለካ ከማንም በላይ የእኛን ወግ የጠበቀው እሱ ነው፤ በገዛ ወጋችን ተቃጠለ።

ልሄድና ላናግረው ስነሣ ልጆች ከባሕሩ ዳር እየጮኹ መጡ። መርከቧ ታየች።

ለሚሄድ ሰው ማኔያባ ውስጥ የስንብት ምግብ ይበላል። ያን ቀን ያለን ዓሣና ጥቂት ሩዝ ነው። ኢታያ በአክስቴ ሽርጥ፣ ባዶ እጁን፣ ከእንግዶች ቦታ ተቀምጧል። የአክስቴ ባል አፍሮ ባርኔጣውን ሊመልስለት ቢያወጣ፣ «ያምርብዎታል፣ ያድርጉት» አለው። ሽማግሌ ናካቡታ መረቁት። ምግቡ አለቀ። ጀልባው ዳር ላይ ይጠብቀዋል።

ተነሣሁ። ከሴቶቹ መሃል ተነሥቼ፣ ሽማግሌዎቹ ፊት፣ እንደኔ ያለች ልጅ ቆማ ተናግራ በማታውቅበት ቦታ ቆምኩ።

«ተቀመጪ» አለ አባቴ።

አልተቀመጥኩም። «ኢታያ» አልኩ። «ቡቡቲ ብዬሃለሁ።»

ቀና ብሎ አየኝ። ካናገርኩት ስንት ጊዜው ነበር።

«ምን አለኝ፣ ሮቲያ?» አለ በቀስታ። «የለበስኩት እንኳ የአክስትሽ ነው።»

«አንድ ነገር ቀርቶሃል። ራስህን ስጠኝ። እዚህ ቅር።»

ማኔያባው ተንጫጫ። አንዱ ሽማግሌ ምርኩዙን መሬት መታ። እኔ የማየው እሱን ብቻ ነው። ወደ ባሕሩ ዞረ፤ በምሰሶዎቹ መሃል መርከቧ ትታያለች። ያኔ በአንዲት ቃል እሺ ያለው ሰው አሁን ዝም ብሎ ቆየ።

«አባቴ...» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ይጠብቀኛል። ዓይኑ...»

«አውቃለሁ።»

«አውቀሽ ነው የምትለምኚኝ?»

«አውቄ ነው» አልኩት። «እምቢ ካልክ በእኔ የተነሣ ስምህ አይጠፋም። እኔው ራሴ ጀልባው ድረስ እሸኝሃለሁ።»

ሁለት እጁን ፊቱ ላይ አደረገ። ጉንጩን ነው የያዘው፤ ያኔ አሸዋ የቀባሁትን።

«እሺ» አለ። ቃሉ ከሆዱ ተስቦ የወጣ ይመስል ነበር።

አባቴ ተነሥቶ ቆመ። «ይቺን ማን አስተማራት?»

ሽማግሌ ናካቡታ፣ «አንተ ነህ፣ ካቡናሬ» አሉት። «ልጄን መልስልኝ ብለህ ለመንክ። መለሰልህ። ይሂድልኝ ብለህ አልለመንክም። አሁን እሷ ለመነች፣ እሱ ሰጠ። ተቀመጥ።»

ጀልባው ያለ እሱ ሄደ። ከመሄዱ በፊት ኢታያ ለጀልባው ነጂ አንድ መልእክት ብቻ ነገረው። «ለአባቴ፣ እዚህ ለመኑኝ፣ ሰጠሁ፣ በሉት። ያውቀዋል። እናቴ ነግራዋለች።»

መርከቧ ነጥብ እስክታህል ዳር ላይ ቆመን አየናት። እጄን ያዘኝ፤ እጁ ቀዝቅዞ ነበር።

ተጋባን። ሠርጉ ደረቅ ሠርግ ነው፤ ድርቁ አልለቀቀም፣ ለእንግዳ የምንሰጠው ውሃ ተለክቶ ነበር። አባቴ ሠርጉን ተቀምጦ አየ። ከዚያ ግን ከኢታያ ጋር አንድ ቃል አልተነጋገረም። ማታ ለምግብ ስንቀርብ ሰሌኑን ያዞርና ጀርባውን ለእኛ ሰጥቶ ፊቱን ወደ ባሕሩ አድርጎ ይበላል። ኢታያ ግን ዓሣ ሲያጠምድ ትልቁን ሁልጊዜ ለእሱ ያስቀምጣል። አባቴም ይበላዋል።

ደስተኛ ነበርን ወይ ብትሉኝ፣ ነበርን። አንዳንድ ቀን ግን ኢታያ መረቡን ጭኖ ከመሄዱ በፊት ቆሞ ወደ ደቡብ ያያል። ምን እንደሚያይ አልጠይቀውም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ «ትጸጸታለህ?» አልኩት።

«በአንቺ አልጸጸትም» አለኝ። «ግን ለአባቴ ማን ውሃ ይቀዳለታል?»

እኔ ምን እላለሁ? ልጁን ወስጄበታለሁ። ደግሞ ዛሬም ያ ቀን ቢመለስ እለምነዋለሁ። ሁለቱም እውነት ነው።

መርከቧ ተመልሳ ስትመጣ ኢታያ ከሁሉ ቀድሞ ዳር ላይ ነበር። የመጀመሪያው ጀልባ ሩዝ አመጣ። የጀልባው ነጂ ኢታያን አይቶ ወረደና ወደ እሱ መጣ።

«አባትህ መጥቷል» አለው።

ኢታያ ፊቱ በራ። እውነቴን ነው፣ እንደዚያ በርቶ አይቼው አላውቅም። «የት አለ? ለምን አላወረዳችሁትም?»

ሰውየው ባርኔጣውን አወለቀ።

«መልእክትህን ስንነግረው፣ ‹ልጄ ከሰጠ ሰጠ፣ እንግዲህ እኔ ልሂድለት› ብሎ ተሳፈረ። ከደሴት ደሴት ስንዞር ተዳከመ። ዛሬ ጎህ ሲቀድ ደሴቲቱ ታየች አልነው። ደግፈን አስነሣነው። ዓይኑ ብዙም አያይ... ‹ተራራው የት ነው?› አለን። የለም አልነው። ሳቀ። ከዚያ ቁጭ አለና... በቃ።»

ኢታያ አልጮኸም። ውሃው ውስጥ ተንበረከከ፤ እኔም አጠገቡ ተንበረከክሁ። ማዕበሉ ወገባችን ድረስ ይመጣና ይመለሳል።

በሁለተኛው ጀልባ አመጡት። ተሩቤያ ይባላል፤ በሰሌን ተጠቅልሎ ነበር። ሰዎቹ ዳር ላይ ተሰብስበው ማንሾካሾክ ጀመሩ። የምዕራቡን መቃብር ባሕሩ በልቶታል። እያንዳንዱ ቤት የቀረችውን ትንሽ ቦታ ለራሱ ሙታን ይዟል። አንዱ፣ «ባሕር ውስጥ ቢቀበርስ? እንግዳ ነው፣ መሬቷ አታውቀውም» አለ።

ኢታያ ሰምቶታል። ማንንም አልለመነም። ቡቡቲ ቢል የሚከለክለው አልነበረም፤ ግን የሰው መቃብር አይለመንም ብሎ መሰለኝ። ማኔያባ ውስጥ እኔን እንደለመነበት ቀን አልነበረም፤ አሁን ወጉን ያውቃል።

ዓይኔ አባቴን ፈለገ። በሕዝቡ መሃል የለም። በመርከብ ቀን ይህን ማድረጉ አልገረመኝም፤ ግን ከፋኝ።

«መጀመሪያ ወደ ድንጋዩ» አልኩ።

«የሞተን ሰው?» አለች አንዷ።

«ደሴታችንን ረግጦ አያውቅም። እንግዳ ነው።»

አራት ሆነው ተሸክመው ወደ ሰሜኑ ጫፍ ወሰዱት። ኢታያ ከጀልባው ነጂ ትምባሆ ለምኖ ከድንጋዩ ሥር አስቀመጠ። እኔ ሰሌኑን ከፊቱ ላይ ገለጥኩ። አፍንጫው የኢታያ አፍንጫ ነው። እርጥብ አሸዋ ዘገንኩና ሁለቱን ጉንጮቹን ቀባሁት። የልጁ ጉንጭ ያኔ ይፋጅ ነበር፤ የአባትየው ግን ከአሸዋው ይቀዘቅዛል።

«አባቴ» አልኩት። «ሮቲያ እባላለሁ። ልጅህን የወሰድኩብህ እኔ ነኝ። እንኳን ደህና መጣህ።»

ከዚያ አላለቀስኩም አልልም፤ አለቀስኩ። ኢታያም አለቀሰ፤ አክስቴ ታካኔ ሁለታችንንም እቅፍ አድርጋ ይዛን ነበር።

ወደ መንደር ስንመለስ ከዳቦ ፍሬው ዛፍ ሥር የአካፋ ድምፅ ሰማን። አባቴ ነው። ወገቡ ድረስ ጉድጓድ ውስጥ ቆሞ ይቆፍራል። ከእናቴ ጎን፣ ስሜ ይጥፋ እንጂ አልሰጥም ያላት ቦታ ላይ።

ኢታያ ቆመ። «አባቴ ካቡናሬ... ይህ የእርስዎ ነው። እኔ አልለመንኩም።»

«አልለመንከኝም» አለ አባቴ። ከተጋባን ወዲህ ለእሱ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ነው። «ያን ሸሚዝም እኔ አልለመንኩህም።»

«እርስዎስ?»

አባቴ ላቡን በክንዱ ጠረገ። «እኔን መሬቷም ባሕሩም ያውቁኛል፤ የወሰደኝ ይውሰደኝ። እሱ ገና ዛሬ መምጣቱ ነው። ና፣ አግዘኝ።»

ኢታያ ወረደ። ሁለቱ ተፈራርቀው ቆፈሩ።

ያን ቀን ማታ የሐዘን እራት ስናቀርብ አባቴ እንደ ልማዱ ሰሌኑን አነሣ። ዘርግቶ ከኢታያ ፊት ለፊት ተቀመጠ፤ ከዓሣው ትልቁን ቆርሶ አቀበለውና አብረው በሉ።